አዲስ የተወለደ ግልገል አያያዝና ከሰው ጋር የማላመድ ዘዴ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ ከዚያም ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ በሚወጣው ደጋ አገር ሁሉ፣ በግ ለገበሬው በቸገረው ቀን የሚደርስለት ሀብቱ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ ሲደርስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ወይም ከቤተ ሰቡ አንዱ ሲታመም ወደ ገበያ የሚነዳው በሬው ሳይሆን በጉ ነው። ስለዚህ አንድ ግልገል ሞተ ማለት ለዚያ ቤት የታሰበው ገንዘብ ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው።

ግልገል ከሚሞትባቸው ጊዜያት ሁሉ የሚከፉት ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ናቸው። በእነዚህ ቀኖች ግልገሉን የሚጥሉት ብርድ፣ ረኀብና የእናት አለመቀበል ሲሆኑ፣ ሦስቱም የተያያዙ ናቸው። የበረደው ግልገል ለመጥባት ኀይል ያጣል፤ ያልጠባ ግልገል ይበርደዋል፤ እናቱ ያልላሰችው ደግሞ ሁለቱም ይደርሱበታል። ይህንን ለመከላከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መቼ እጅን መሰብሰብ፣ መቼስ እጅን መዘርጋት እንደሚገባ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ግልገሉ በተወለደበት ሰዓት ያነሣዋል፣ ይስመዋል፣ ለልጆች ያስታቅፈዋል፤ ከዚያም ሦስት ወር ሙሉ ዘወር ብሎ አያየውም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የእናቲቱ ናቸው

ሰው የነካውን ግልገል እናቱ ትተወዋለች ሲባል ይሰማል። ነገሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ፍጹም እውነትም አይደለም። በሌላ አገር ይኸው አባባል ስለ ጥንቸል ይነገራል። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት እንስሶች የተቈጠረች ስለ ሆነች በእኛ አገር ክርስቲያኑ ገበሬ ለምግብ አያረባትም፤ ቢሆንም ለማነጻጸር ትጠቅመናለች። የምትመግባትን ሰው የለመደች የቤት ጥንቸል ልጆቿ በእጅ ስለ ተነኩ ብቻ አትተዋቸውም። የጥንቸል ልጅ ጠጕር ሳያወጣ፣ ዓይኑም ሳይገለጥ ይወለዳል፤ ዓይኑ የሚገለጠው በዐሥር ቀን ገደማ ነው፤ እናቱም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መጥታ ታጠባዋለች። የበግ ግልገል ግን ዓይኑ ተገልጦ ይወለዳል፤ ደኅና ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ይቆማል፤ ቆሞም ጡት ይፈልጋል። እናቲቱ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ልጇን ከሌላው ግልገል ሁሉ ለይታ ማወቅ አለባት፤ የምታውቀውም በአፍንጫዋ ነው።

እናት በግ ስትወልድ የሽርት ውኃው ሽታ እጅግ ይስባታል። ግልገሉን ስትልስ ታደርቀዋለች፤ ደሙን ታንቀሳቅሰዋለች፤ በዚያውም ጠረኑን ትማራለች። ይህ ትምህርት በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያንን ጠረን የያዘውን ታጠባለች፤ ሌላውን በግንባሯ ገፍታ ታባርራለች። እንግዲህ በእነዚህ ሰዓቶች ግልገሉን ወስደን ቤት ውስጥ ብናቆየው፣ በሳሙና ብናጥበው፣ ወይም ቅቤ፣ ናፍጣና ጭስ የጠገበ እጃችንን ብናሳርፍበት እናቲቱ የምትማረውን እንደምናጠፋባት የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚጎዳው መነካቱ ሳይሆን ከእናቱ መለየቱና ጠረኑ መለወጡ ነው። የግድ መንካት ያስፈለገ እንደ ሆነ ሽታ የሌለው ንጹሕ እጅ ከሽርቱ ውኃ ነክቶ ግልገሉን ቢይዝ፣ ቶሎም ወደ እናቱ አፍ ቢመልሰው አንዳች ጉዳት የለውም።

ይህንን ለማቃለል የደረሰችውን በግ አስቀድሞ መለየት ነው። ግቷ ሲሞላ፣ ከመንጋው ስትገለል፣ መሬቱን በእግሯ ስትጭርና ስትነሣ ስትቀመጥ ጊዜዋ ደርሷል። በጉረኖው አንድ ጥግ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ ከልሎ ደረቅ የገብስ ገለባ መጐዝጐዝ ነው። በስናንና በጮቄ ዙሪያ ያላችሁ ገበሬዎች ቀርከሃ ከደጃችሁ ስለማይጠፋ፣ ከቀርከሃ የተሠራ አንድ ተንቀሳቃሽ አጥር ለብዙ ዓመት ያገለግላችኋል። እናቲቱ ከአንዱ ልጇ ጋር አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ መንታ ከወለደች ሦስት ቀን ያህል በዚያ ብትቆይ የሌሎቹ በጎች መረገጥና መጋፋት አይደርስባቸውም። ይህ በተለይ ለዋሸራ በግ ያስፈልጋል። በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም፣ በአዊም የሚገኘው ይህ ቀንድ አልባ፣ ጠጕሩ አጭር፣ ብዙውን ጊዜ ቡናማ መልክ ያለው በግ መንታ በመውለድ የታወቀ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውና በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም የሚመራመርበት ዘር ነው። መንታ ስትወልድ እናቲቱ ሁለተኛውን በምታምጥበት ጊዜ የመጀመሪያው ተንገዳግዶ ይርቃታል፤ ያኔ ሁለቱም በጠባብ ቦታ ሆነው ካልተላሱ አንዱ ሳይታወቅ ይቀራል።

ምጡ ደኅና ከሆነ ሁለት የፊት እግሮችና በላያቸው አፍንጫ ቀድመው ይታያሉ። የሽርቱ ውኃ ፈሶ አንድ ሰዓት ያህል ሲያልፍ ምንም ካልታየ፣ ወይም አንድ እግር ብቻ ወይም ጅራት ከታየ ጎትቶ ከመታገል የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ከተወለደ በኋላ በአፍንጫውና በአፉ ላይ የቀረ ሽፋን ካለ በጣት ማንሣት፣ ካልተነፈሰም አፍንጫውን በገለባ መነካካት ወይም ጎኑን በገለባ ፈትጎ ማንቃት ይበቃል። እትብቱ ሲደርቅ ራሱ ይወድቃል፤ እስከዚያው ግን በሽታ የሚገባበት በር ስለ ሆነ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዮዲን በትንሽ ዕቃ አድርጎ እትብቱን እስከ ሥሩ መንከር፣ ማታም መድገም ይገባል። አመድ፣ ጭቃ ወይም እበት ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። የሽርት ውኃና እንግዴ ልጅ ከበግ ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ፅንስንም የሚያስወርድ በሽታ ሊኖርባቸው ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት በግ በማዋለድ ሥራ ፈጽሞ አትግባ፤ አዲስ የተወለደውንም አትያዝ። ሌላውም ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለበት ይጠንቀቅ፤ ከሥራው በኋላም በሳሙና ይታጠብ። እንግዴ ልጁን ለውሻ መጣል ሳይሆን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው።

እንገር

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ አንዱን ብቻ ታስታውሱ ዘንድ ብንጠየቅ እንገሩን ነው የምንለው። የበግ ፅንስ በእናቱ ማኅፀን ሳለ በሽታ የሚከላከልበትን ኀይል ከእናቱ ደም አያገኝም። ይህንን የሚያገኘው ተወልዶ ከሚጠባው እንገር ብቻ ነው። የግልገሉም አንጀት ይህንን ኀይል ሊቀበል የሚችለው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ አንድ ቀን ሲሞላ ይዘጋል። ስለዚህ ግልገሉ በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ስድስት ሰዓት ሳይሞላው መጥባት አለበት። በማግሥቱ የተጠባ እንገር ሆድ ይሞላል እንጂ ከበሽታ አያድንም።

አንዳንድ ሰው እንገሩ ወፍራምና ቢጫ ስለ ሆነ ግልገሉን ያስቀምጠዋል ብሎ አልቦ ይደፋዋል። ይህ መድኃኒትን በገዛ እጅ መድፋት ነው። ማለብ የሚገባው ከእያንዳንዱ ጡት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው፤ ይኸውም የጡቱን ቀዳዳ የዘጋውን ሰም መሰል ነገር ለማስወጣት ነው። ግልገሉ ጡት ማግኘት ካቃተው እናቲቱን በጉልበት ሳይሆን በዝግታ በግድግዳ አስጠግቶ የግልገሉን አፍ ወደ ጡቱ ማድረስ ይገባል። ከኋላው ጅራቱ አጠገብ በጣት ቢነካካ እናቱ የላሰችው ይመስለውና ለመጥባት ይነቃቃል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል፣ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ያህል እንገር ያስፈልገዋል። የእናቲቱ ግት ደረቅ ከሆነ ወይም ከሞተች በዚያው ቀን ከወለደች ሌላ በግ፣ ከፍየል፣ ይህም ከጠፋ አዲስ ከወለደች ላም የታለበ እንገር ይተካል። የላም እንገር ለሕፃናት ተፈልቶ የሚበላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከዚያው ላይ ሁለት ሲኒ ሳይፈላ ለግልገሉ ቢቀርለት ማንም አይራብም።

ብርድ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጮቄ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት እርጥብ ሆኖ የተወለደ ግልገል ሙቀቱን የሚያጣው በፍጥነት ነው። በርዶት እንደ ሆነ ለማወቅ ጣትን በአፉ ማስገባት ይበቃል። የደኅና ግልገል አፍ ይሞቃል፤ ጣትን ይዞም ይመጠምጣል። አፉ ከቀዘቀዘ ግልገሉ በአደጋ ላይ ነው።

ግልገሉ አንገቱን ቀና ማድረግ የሚችል ከሆነ በደረቅ ጨርቅ አሽቶ ቶሎ እንገር መስጠት ነው። አንገቱን መደገፍ ካልቻለ ግን ምንም ነገር በአፉ አይፈስስበት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋልና። መጀመሪያ ይሙቅ። ጨርቅ የተጠቀለለበት የሞቀ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ከጎኑ ማድረግ ጥሩ ነው። ወደ ምድጃ ማስጠጋት የተለመደ ቢሆንም ጭሱ ሳንባውን ይጎዳል፤ እሳቱም ሳይታሰብ ይፈጀዋል። ሲነቃና ጣት መጥባት ሲጀምር ይመገባል፤ ወዲያውም ወደ እናቱ ይመለሳል። ቤት ውስጥ አድሮ ጠዋት የሚመለስ ግልገል በሕይወት ቢኖርም እናቱ የማትቀበለው ሊሆን ይችላል። በተቻለ መጠን ሙቀቱን ወደ ግልገሉ መውሰድ እንጂ ግልገሉን ወደ ሙቀቱ መውሰድ አይመረጥም።

እናቱ እምቢ ስትለው

እናት ልጇን ስትገፋ መጀመሪያ ግቷን መመርመር ነው፤ ቆስሎ ወይም አብጦ ሲያማት እንጂ ጠልታው ላይሆን ይችላል። ደኅና ከሆነች ግልገሉን ከራሷ የሽርት ውኃ ማሸት፣ ወይም በጀርባው ላይ ጥቂት ጨው ነስንሶ እንድትልሰው ማድረግ ይቻላል። ይህም ካልሆነ በአጭር ገመድ ራሷን ማሰር ነው፤ ግን መተኛትና መብላት እስኪያቅታት አይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ወተቷ በግልገሉ ውስጥ አልፎ የራሷ ጠረን ከጀርባው ሲወጣ በሦስት በአራት ቀን ትቀበለዋለች።

ልጇ የሞተባት በግና እናቱ የሞተችበት ግልገል በአንድ ጊዜ የተገኙ እንደ ሆነ የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፎ ለሕያው ማልበስ በብዙ አገር እረኞች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው። ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ቆዳውን እያቀረቡ የሚያልቡም ሰዎች ምሥጢሩን ያውቁታል። ቆዳው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ፤ ይሸታልና። በበሽታ የሞተ ግልገል ከሆነ ግን ቆዳው አይነካም፤ ይቀበራል።

አላዳጊ እናት ያልተገኘለትን ግልገል በጡጦ ማሳደግ ይቻላል፤ የቤቱ ልጆችም ይህን ሥራ ይወዱታል። የላም ወተት እንደ ሰውነት ሙቀት ሞቆ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ግማሽ ሊትር ያህል፣ ለአራት ወይም ለአምስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠዋል። ጥቂት በጥቂት ብዙ ጊዜ መስጠት ይሻላል፤ ብዙ ወተት በአንድ ጊዜ የጠጣ ግልገል ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። ግልገሉ ቆሞ ይጥባ፤ እንደ ሕፃን ተንጋሎ አይጠጣ። ጡጦው በየጊዜው በፈላ ውኃ ይታጠብ። በገበያ ስለሚሸጠው የዱቄት ወተት የሚጠይቁን አሉ፤ ለአንድ ግልገል ሲባል ይህን ያህል ወጪ ማውጣት በእኛ አስተያየት አያዋጣም።

ከሁለተኛው ቀን በኋላ፦ እጅ የሚዘረጋበት ጊዜ

ግልገሉ ጠብቶ፣ ደርቆ፣ እናቱም አውቃው ካደረ በኋላ የገበሬው ተራ ይመጣል። በግ መልክ የማይለይ ሞኝ እንስሳ ነው የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው። በ1994 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የባብራሃም ተቋም ተመራማሪዎች በጎች የሃምሳ በጎችን ፊት ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በጎች የጠባቂያቸውን ፎቶግራፍ ከማያውቁት ሰው ፎቶግራፍ እንደሚለዩ አረጋገጡ። እንግዲህ በልጅነቱ በእግሩ ተጎትቶ የተደበደበ በግም ያንን ፊት የሚረሳ አይመስለንም።

ለማዳ በግ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ የሚግጥ በግ የጉበት ትል መድኃኒት በየጊዜው መዋጥ አለበት፤ ለደስታ መሰል በሽታና ለፈንጣጣ ክትባት መያዝ አለበት፤ ሰኮናውም መታየት አለበት። ደንባራ መንጋ በክትባት ቀን ሲሯሯጥ ያረገዘችው ትጨነግፋለች፤ ባለሙያውም ግማሹን ሳይከትብ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ለማዳ ሆና ያደገች ቄብ ነገ ስትወልድ ሰው ሲቀርባት ልጇን ጥላ የማትሸሽ መሆኗ ነው። ከላይ የተነገረው የእንገርና የእትብት ሥራ ሁሉ በእንዲህ ያለች እናት ዘንድ ቀላል ነው።

የማላመዱ ሥራ የሚጀምረው ከእናቲቱ ነው። ግልገል ፍርሀትን የሚማረው ከእናቱ ነውና፤ እሷ ስትደነብር አብሮ ይደነብራል፤ እሷ ከሰው እጅ ስትበላ ቀርቦ ያሸታል። ከመውለዷ ከጥቂት ሳምንት በፊት ጀምሮ በየማታው ከመዳፍ ላይ ጥቂት አሞሌ ጨው ወይም አንድ ጭብጥ ገብስ የለመደች እናት ልጇን ራሷ ታለምድልናለች። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ሰው፣ በተቻለ መጠን ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ በጉረኖው ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። አያባርር፤ ግልገሉ ራሱ ይምጣ። ሲመጣም በአገጩ ሥርና በደረቱ ይከከው እንጂ እጁን ከላይ በራሱ ላይ አያውርድ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለግልገል ጭልፊት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ መጥራትም ይገባል። ማንሣት ሲያስፈልግ አንድ እጅ በደረቱ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቹ በስተኋላ ሆኖ ወደ ሰውነት ተጠግቶ ይያዛል። በአንድ እግር፣ በላቱ ወይም በጆሮ አንጠልጥሎ መያዝ ሥጋውንም ልቡንም ይጎዳል። በእናቱ ፊት ይሁን፤ ድምፁን እየሰማች ካልሆነ ሁለቱም ይጨነቃሉ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከተደረገ የቀረው ጊዜ ከጨው መስጠትና ከመቍጠር ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ለልማት ሠራተኞች አንድ ቃል አለን። ይህንን ትምህርት ለአባወራው ብቻ ነግሮ መመለስ ዋጋ የለውም። በሌሊት ተነሥታ ጉረኖውን የምታየው እመቤቲቱ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከበጎቹ ጋር የሚውለው እረኛው ልጅ ነው። በስብሰባ ከመናገር ይልቅ አንዲት ደርሳ ያለች በግ ባለችበት ቤት ሁለቱን ጠርቶ የአዮዲኑን አነካከርና የአፉን ሙቀት አለካክ በእጅ ማሳየት ይሻላል። ቤተ ሰቡም በአንድ ደብተር ላይ የተወለደበትን ቀን፣ መንታ መሆኑንና የሞተ ካለ ስንተኛው ቀን እንደ ሞተ ይጻፍ፤ የሞት ምክንያት ከዚህ ደብተር ይታያል።

የወንድ ግልገል ነገር ግን ይለያል። በጡጦ ያደገና ከሰው በስተቀር ሌላ የማያውቅ አውራ በግ ሲጎለምስ ሰውን እንደ ተቀናቃኝ በግ ይቈጥራል። ልጆች ትንሽ ሳለ ግንባሩን እየገፉ ሲያጫውቱት ያስቃል፤ ያው በግ ዓመት ሲሞላው አሮጊት ከኋላ ገጭቶ ይጥላል፤ ሕፃንም ይሰብራል። ስለዚህ ወንዱን ግልገል ግንባሩን አትንኩ፤ ልጆችም በግንባሩ እንዳይጫወቱበት ከልክሉ። በጡጦ የሚያድገው ከመብሉ ሰዓት በቀር ከሌሎች ግልገሎች ጋር ይዋል፤ በግ መሆኑን ከእነሱ ይማር። ሦስት ወር ሲሆነው ጡት ጥሎ፣ እናቱንና እኅቶቹን ሳያጠቃ ከሴቶቹ ይለይ። ለዘር የማይፈለገው ይኰላሽና ለሙክት ይቅር፤ እንዲህ ያለው የተኰላሸ ለማዳ በግ በገመድ ሳይጎተት ከባለቤቱ ኋላ ተከትሎ ገበያ ይወርዳል።